ቄሱን የሚተካው ማን ነው?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ የቀድሞው የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ ይደረሳል። መንገድ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ናቸው፤ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ጥምጥም የጠመጠመ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ሴቶች በሸክላ ሥራ ለዘመናት ቤታቸውን ደጉመዋል። ዛሬ ምስሎቹን ሠርተው ለመንገደኛ የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ጸሎት ቤቱ እንደቆመ ነው። ጎብኚ ገብቶ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። በውስጡ ኦሪት የሚያነብ፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን የሚያውጅ፣ ሙሽራ የሚመርቅ የለም።

አስመራ ውስጥም በ1906 የተሠራ ያማረ ምኩራብ አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያሠሩት ከኤደንና ከየመን የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ነበሩ። በደጉ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ምእመን ይሰበሰብበት ነበር። የኤርትራ ጦርነት ሲከፋ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ በአንድ ተሰደደና ሕንፃው ያለ ማኅበር ቀረ። ግድግዳው ምንም አልሆነም።

ስለ አንድ ማኅበረሰብ ቀጣይነት ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን የሚታየው ነገር ነው፤ ሕንፃው፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ በዓሉ። እኔ ግን የቤተ እስራኤልን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይበረታብኛል፦ የሚያስተምረውን ሰው የሚያስተምረው ማን ነው? ዛሬ ያለው ቄስ ነገ ሲሞት የሚተካው ልጅ አሁን የት ነው? ከማን ሥር ተቀምጧል? ስንት ዓመትስ ይቀረዋል? አንድ ማኅበረሰብ ይህን መመለስ እስከቻለ ድረስ ከድርቅም ከስደትም ተርፎ ይቀጥላል። መመለስ ሲያቅተው ግን በዓሉ ደምቆ ሳለ እንኳ ውስጡ እየተቦረቦረ ነው።

ቤተ እስራኤል ይህን ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት መልሰውታል። መልሳቸውም ገዳም ነበር። ለአይሁድ ዓለም ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ምንኩስና በሌሎች የአይሁድ ማኅበረሰቦች ዘንድ አይታወቅምና። የቤተ እስራኤል ትውፊት ጅማሬውን ለአባ ሰብራ ይሰጣል። አባ ሰብራ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አካባቢ፣ የምንኩስናን ሥርዓት እንደመሠረቱና አንድ የንጉሡ ልጅ ሳይቀር እንደተከተላቸው ይነገራል። መነኮሳቱ ከመንደሩ ራቅ ብለው፣ በንጽሕና ሕግ ተለይተው፣ በራሳቸው ቅጥር ይኖሩ ነበር። ቄስ እንዲሆን የታሰበ ልጅ እነሱ ዘንድ ይላካል። ግዕዝ ማንበብ ይማራል፤ ጸሎቱን ከነዜማው በቃሉ ይይዛል፤ የእርዱን ሥርዓት፣ የጨረቃውን አቆጣጠር፣ የጾምና የበዓል ቀን አወጣጥን ይለምዳል። ከዓመታት በኋላ ተሹሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የሚጸልየው ከኦሪት ብቻ አልነበረም። «ትእዛዘ ሰንበት»፣ «ሞተ ሙሴ»፣ «መጽሐፈ መላእክት» የመሳሰሉ መጻሕፍትም ነበሩት። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸሌሜይ በ1973 በጎንደር ገጠር፣ አምቦበር ድረስ ሄደው ዜማቸውን ቀድተዋል። ቆይተውም የጸሎቱ ሥርዓት የመነኮሳቱ አሻራ ጎልቶ እንደሚታይበት፣ ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዜማም ጋር ቅርብ ዝምድና እንዳለው ጽፈዋል። ይህ አባባላቸው ብዙ አከራክሯል። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ነገር ግልጽ ነው፤ የማኅበረሰቡን ጸሎት ያቆየው የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱ የገዳሙ ቅጥር ብቻ አልነበረም። መንደሩ በሙሉ ያስተምር ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለውን የቤተ እስራኤል ቤት እንመልከት። ሴቲቱ የቅዳሜውን ምግብ አስቀድማ ታሰናዳለች፤ ቄሱ የሚባርከው የሰንበት ዳቦ ይጋገራል። ልብስ ይታጠባል። ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፤ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት የለም፣ የሚበላውም የቀዘቀዘ ነው። በወንዙ ዳር የተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ ማንም ቁጭ አድርጎ «ሰንበት ማለት» ብሎ አልጀመረለትም፤ ግን ያውቀዋል። ልጅቱም እናቷ ወንድ ልጅ ወልዳ ለ40 ቀን፣ ሴት ልጅ ወልዳ ለ80 ቀን የአራስ ጎጆ ውስጥ ስትለይ እያየች የንጽሕናን ሕግ ትማራለች። ጎረቤት አማራው «አትንኩኝ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከውጭ ሰው ጋር ሲነካኩ ስለሚታጠቡ ነበር። ለጋብቻም ሰባት ቤት ይቆጠራል። ወጣቱ ያጫትን ልጅ ዘር ለማጣራት ሽማግሌው እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያለውን ስም ይዘረዝራል፤ በዚያው ወጣቱ የራሱን የዘር ሐረግ በቃሉ ያጠናል።

ይህ ሁሉ የቀለለ ኑሮ አልነበረም። ርስት መያዝ ተከልክለው በጭሰኝነትና በእጅ ሥራ ኖረዋል። ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው የሚያገለግሉት ሕዝብ መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። መገፋቱ ብቻውን ግን ማኅበረሰብን አያጸናም። የተገፋ ሁሉ ቢጸና ኖሮ የብዙ ሕዝብ ቋንቋና ሃይማኖት ባልጠፋ ነበር።

ይህ የመምህርና የተማሪ ሰንሰለት መላላት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ1860 ጀምሮ ሄንሪ አሮን ሽተርንና ዮሐን ማርቲን ፍላድ የመሳሰሉ ሚሲዮናውያን በመካከላቸው መስበክ ጀመሩ። አባ ማሐሪ የተባሉ መነኩሴ በ1862 ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ለመጓዝ ተነሡ፤ ጉዞው ትግራይ ላይ ቆመ፣ ብዙ ሰውም በረሃብና በበሽታ አለቀ። ከዚያ የከፋው ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ነው። ከብቱ አለቀ፣ መንደሩ ተፈታ፤ ገዳማቱም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላንሠራሩም። የመነኮሳቱ ቁጥር በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየመነመነ ሄዶ ቄሶች ራሳቸው ቄስ ማሠልጠን ግድ ሆነባቸው።

በዚህ መሐል ነው አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች ከአውሮፓ በ1904 ብቅ ያሉት። መምህራቸው ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 አገሩን አይተው ተመልሰው ነበር። ፋይትሎቪች ግን አይተው አላበቁም፤ የቀረውን ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሰጡ። ወጣቶችን እየመረጡ ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያም አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱን የመሩት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ዮና ቦጋለም የዚሁ ትውልድ ልጅ ናቸው። በ1908 የተወለዱት ዮና፣ አውሮፓ ተምረው ተመልሰው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው፣ በ1950ዎቹ ያንን ትተው የማኅበረሰባቸውን ትምህርት ቤቶች ማደራጀት ያዙ።

ፋይትሎቪችን አደንቃቸዋለሁ። የዓለም አይሁድ ስለ ቤተ እስራኤል ጆሮ የሰጠው በእሳቸው ጩኸት ነው። ሆኖም ዕቅዳቸው አንድ ትልቅ ክፍተት ነበረበት። ምንኩስናውንና መሥዋዕቱን እንዲቀር የሚገባው ኋላ ቀርነት አድርገው አዩት፤ ቤተ እስራኤል የረቢዎችን የሕግ መጽሐፍ ታልሙድን እንደሚከተለው የቀረው አይሁድ እንዲሆኑ ፈለጉ። ወደ ውጭ የላኳቸው ልጆች ዕብራይስጥና ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛም ተምረው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ አዲስ አበባ በመንግሥት ሥራ ላይ ቀሩ። አገሪቱ የተማረ ሰው አልነበራትምና ማንም አይፈርድባቸውም። በጎንደር ገጠር፣ በወገራና በደምቢያ ያለው ቄስ ግን ከእነሱ መካከል ተተኪ አላገኘም። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጥቶ ትምህርት ቤቱን ዘጋው።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ የታሰበበት ነበር። በ1955ና በ1956 ከመንደሮቹ የተመረጡ ወጣቶች በሁለት ቡድን ወደ እስራኤል፣ ክፋር ባትያ ወደተባለ የወጣቶች መንደር ተላኩ። ዓላማው ተምረው ተመልሰው መምህር እንዲሆኑ ነው፤ ብዙዎቹም ተመልሰው በየመንደሩ አስተማሩ። ይሁን እንጂ ለትምህርት ቤቶቹ ይመደብ የነበረው ገንዘብ ብዙም ሳይቆይ ሲቀንስ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የአምቦበሩ ጸንቶ ቆየ። ልጆቹ ምን ያህል እንደተጉ ሳስብ ያ የበጀት ውሳኔ ያንገበግበኛል። መምህር ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል፤ ለመበተን ግን አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በ1973 የእስራኤል የሰፋርድ ዋና ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የወጡ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ መብታቸውን ተቀበለ። ፈረደ አክሉም የተባሉ የማኅበረሰቡ ሰው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሚወስደውን መንገድ ከፈቱ። በሱዳኑ መንገድና በስደተኛ ካምፖች 4,000 ገደማ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ 8,000 ገደማ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓዙ።

ለትውልዶች የጸለዩለት ነገር ሆነ። ኢየሩሳሌም ደረሱ። በዚያው ቅጽበት ግን ልጅን ከአባት፣ ቄስን ከመንደር የሚያያይዘው ነገር ሁሉ ላላ።

አውሮፕላኑ እንዳረፈ የመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ብዙው ሰው አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠው። ሰባት ቤት በቃሉ ይቆጥር በነበረ ቤተሰብ ውስጥ ልጁ በአንድ ስም፣ አባቱ በሌላ ተጠራ። አብዛኞቹ ታዳጊዎች ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ እዚያም ከአባታቸው ሥርዓት የተለየ የረቢዎች ሥርዓት ተማሩ። ለበዓል ቤት ሲመጡ የአባታቸው አማርኛ ወይም ትግርኛ ይከብዳቸው ጀመር። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለአባቱ የሚያስተረጉመው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። አባት ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ልጅ ለሹሙ ይናገራል። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ዝም ይል የነበረበት ቤት ሥርዓት እንዲህ ተገለበጠ።

የቄሶቹ ዕጣ ግን ይበልጥ ያማል። ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አይሁድነታቸውን «ለማጽናት» በውኃ መጥለቅን ጠየቀ። ሺህ ዓመት ሰንበት ያከበረ ሕዝብ እንደገና ይሁድ መባሉ ነበር። በ1985 መጸው ማኅበረሰቡ ኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጠ። ከአራት ዓመት በኋላ የነታንያው ረቢ ዳዊድ ሼሉሽ ያለዚህ ጥያቄ እንዲያጋቡ መፈቀዱ ነገሩን በከፊል አበረደው። ቄሱ ግን በመንደሩ ያጋባ፣ ያስታርቅ፣ ይቀብር የነበረ ሰው፣ በአዲሱ አገር ሕጋዊ ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣን አልነበረውም። ሰው ይስመዋል፣ ምርቃቱን ይቀበላል፤ የጋብቻ ወረቀቱን ግን ከሌላ ያመጣል። ታዲያ አንድ ወጣት ይህን እያየ ግዕዝ ለመማር ዓመታት ለምን ይሰጣል?

እኔ የምኖርባት ጭፍራ የአፋር ከተማ ናት፤ ቤተ እስራኤል ኖረውባት አያውቁም። ነገር ግን እዚህ በየቀኑ የማየው አንድ ሥርዓት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስተምሮኛል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። አንዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ይናገራል፤ አድማጩም እየጠየቀ ያጣራል፣ ቀጥሎ ላገኘው ያስተላልፋል። መዋሸት ወይም መደበቅ ነውር ነው። ዳጉ የሚሠራው ወሬውን የሚያስቀምጥ መዝገብ ስላለ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የማድረስ ግዴታ ስላለበት ነው። የቤተ እስራኤል ትውፊትም እንደዚሁ ነበር። ቄሱ ኦሪቱን በግዕዝ አንብቦ፣ ከመምህሩ በቃል እንደተቀበለው፣ ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉመዋል። ትርጓሜው የትም አልተጻፈም። ያለው በቄሱ አፍ፣ ቀጥሎም በደቀ መዝሙሩ ጆሮ ነው።

ስለዚህ እስራኤል ውስጥ የተጀመረውን መታደስ ስመዝን የምፈትሸው በዚህ ነው። የስግድን በዓል እንውሰድ። ከአስተሥርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሕዝቡ ጾሞ፣ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣ ነበር። ድሮ አምቦበር ላይ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ለሞቱት መታሰቢያ ለወፎች እህል ይበተናል። ቄሶቹ ኦሪቱን በጥላ አጅበው ይወጣሉ፤ የሲና ሕግ የተሰጠበት የኦሪት ዘፀአት ክፍልና ነህምያ ሕዝቡን ቃል ኪዳን ያስገባበት ክፍል ይነበባል። ከሰዓት በኋላ እልል እየተባለ ይወረድና በዳቦና በጠላ ጾሙ ይፈታል። ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላ «የተመኘናት ከተማ ደርሰናል፤ ታዲያ ለምን እንጾማለን?» ያሉ ነበሩ። ሆኖም አልቀረም። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 የአገር በዓል አድርጎ ደነገገው። ዛሬ ኢየሩሳሌምን ከሚያይ አርሞን ሃናጺቭ ከተባለ ኮረብታ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰባል፤ በትምህርት ቤቶችም ይከበራል።

በዚህ ደስ ይለኛል። አንድ የተናቀ ማኅበረሰብ የራሱን በዓል ለአገር ሁሉ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ በሱዳን መንገድ የሞቱት በሄርጽል ተራራ በ2007 መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ልጆቻቸው ስማቸውን ሲጠሩ ይሰማል። ነገር ግን አርሞን ሃናጺቭ ላይ ቄሶቹ መድረክ ላይ በግዕዝ ሲያነቡ ወጣቱ ከታች ተሰብስቦ ዘመዱንና ጓደኛውን ይፈልጋል። መገናኘቱን አልነቅፍም፤ ድሮም ስግድ ሰው የሚገናኝበት ቀን ነበር። የሚያሳስበኝ ቋንቋው የገባው ሰው መድረክ ላይ ካሉት ሽማግሎች ሌላ ምን ያህል ይገኛል የሚለው ነው። በእስራኤል ከሚኖሩት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ግማሽ የሚጠጉት እዚያው የተወለዱ ናቸው።

ተስፋ የሚሰጠኝ ብዙም የማይጮኽ ሥራ ነው። ሽማግሎቹ ቄሶች በእስራኤል ምድር ወጣት ቄሶችን ሾመዋል። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «የኦሪት ጠባቂዎች» በሚል የተከፈተ መርሐ ግብር የማኅበረሰቡን ልጆች ግዕዝ እያስተማረ፣ ቄሶቹ በቃል የያዙትን ትርጓሜ እንዲመዘግቡና እንዲመረምሩ ያደርጋል። ረቢ ሻሮን ሻሎም ደግሞ «ከሲና እስከ ኢትዮጵያ» በተባለው መጽሐፋቸው የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከረቢዎቹ ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ልጅ ከአባቱ ጋር ሳይጣላ እንዴት መኖር እንደሚችል አስረድተዋል። መጽሐፉ ወጣቱ «የአባቴ ሰንበት ሰንበት አልነበረም ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ ቀና ብሎ የሚመልስ ነው።

ጎንደር ላይ ያለው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አያቶቻቸው በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትና የገቡ፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት የሚጠባበቁ ቤተሰቦች በቆርቆሮ በተሸፈነ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይጸልያሉ። ልጆች ይማራሉ፤ ለፋሲካ ቂጣ ይጋገራል፤ ሰንበት ይከበራል። ይህ እውነተኛ መታደስ ነው። ጸሎቱ ግን በዕብራይስጥ፣ በረቢዎቹ ሥርዓት ነው። ኦሪት በግዕዝ ሲነበብ በኖረበት በጎንደር ምድር፣ የጎንደር ልጆች አይሁድነትን የሚማሩት የአያቶቻቸው ባልነበረ መጽሐፍ ነው። አስተማሪ ስለተገኘ ማኅበሩ ሕያው ሆነ፤ የተማሩት ግን አስተማሪው ያወቀውን ነው።

ታላቁ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮማውያን ሊቃጠል ሲል፣ የአይሁድ ትውፊት እንደሚለው፣ ረቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ ከሮማው አዛዥ የጠየቁት ያብኔ የተባለችውን ከተማና ሊቃውንቷን ነው። ትምህርት ቤት ለመኑ ማለት ነው። ቤተ እስራኤል ያንን ትምህርት ቤት አላገኙትም፤ የራሳቸውን ሠሩ፤ ገዳሙ ያብኔያቸው ነበር።

የቤተ እስራኤል ሊቀ ካህናት ራፋኤል ሃዳነ በ2020 አረፉ። ልጃቸው ዮሴፍ ሃዳነ ጣሊያን አገር ተምረው ከማኅበረሰቡ የመጀመሪያው ረቢ ሆኑ። በአንድ ቤት ውስጥ የአባት ግዕዝና የልጅ ታልሙድ ተገናኝተዋል። እንዲህ ያለ ቤት የሚበዛው በመንግሥት በጀት ነው ስል ነገሩን ያሳነስኩት ይመስል ይሆናል፤ ግን እንደዚያ ነው። በገጠር ሳሉ ቄሱ እንደ ሌላው ያርስ ነበር፣ ሕዝቡም ከእህሉ ያካፍለው ነበር። ከተማ ውስጥ እህል የሚያካፍል የለም። ረቢ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ያጋባል፣ ጽሕፈት ቤት አለው። ወጣቱ ቄስም ግዕዙን ለመማር የሚያስፈልጉትን ዓመታት የሚሸፍን ድጎማ፣ ሲጨርስ ደግሞ የሚያስተምርበት ክፍልና የሚያጋባበት ሥልጣን ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ ሽማግሎቹ ሳያልፉ መሆን አለበት። ቀረጻ ድምፁን ያስቀምጣል፤ ደቀ መዝሙሩ ሲሳሳት «እንደዚያ አይደለም፣ ድገመው» የሚለው ግን መምህሩ ብቻ ነው።